እግርሽን ለባሕር አታሳዪ

ዴልማሪ ፎርቱይንን አውቃታለሁ ብል እዋሻለሁ። በክሊፕሃቨን አንድ ዳገት ላይ፣ ጥቂት ቤቶች በመሃላችን እያሉ ነው የኖርነው። ዓሣ ከእሷ ገዝቻለሁ፣ ቀብር ላይ ጎን ለጎን ቆመናል፤ ከዚያ ያለፈ ወግ ግን አልነበረንም። የምጽፈውን ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከፊሉን የአክስቷ ልጅ ኖሪን ነግራኛለች። ኖሪን ስታወራ ትጨምራለች። የጨመረችውን በተቻለኝ መጠን ቀንሻለሁ።

ዴልማሪ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ በር ላይ ስትቆም በሩን የምትሞላ ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ሥራዋ ወደቡ ዳር ስኑክ መሰንጠቅ ነው። ስኑክ ረጅምና ጥርሳም ዓሣ ነው፤ ወንዶቹ ከባሕር ያመጡታል፣ ሴቶቹ ጀርባውን ሰንጥቀው፣ ሆድ ዕቃውን አውጥተው፣ ጨው ነስንሰው ይዘረጉታል። እንዲህ ከውሃው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ዕድሜዋ ሲያልፍ፣ ከማዕበል መከላከያው ግንብ ወዲያ አንድም ቀን ወጥታ አታውቅም። በእኛ መንደር ሴት ጀልባ ላይ አትወጣም። ሴት የረገጠችው ጀልባ ባዶውን ይመለሳል ይባላል። ስለዚህ መንደራችንን ከባሕሩ በኩል ያዩት ወንዶች ብቻ ናቸው። ቤቶቻችን ከዚያ ሲታዩ ገደል ላይ የተለጠፈ የዓሣ ቅርፊት ይመስላሉ እያሉ ያወራሉ። ይህ ወሬ በተነሣ ቁጥር የዴልማሪ ቢላዋ ይቆም ነበር።

«የተወለድኩበትን ቤት እነሱ አይተውታል» ትላለች። «እኔ ግን ጓሮውን ብቻ ነው የማውቀው።»

ሌላም ሕግ አለን። ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩን ወደ ውጭ አያንጠለጥልም። ባሕር ውስጥ እግርህን ካየ መንገድህን ያውቃል፤ መንገድህን ካወቀ ደግሞ ይጠራሃል። አጥማጆቻችን ጀልባው መሃል እግራቸውን ሰብስበው ነው የሚቀመጡት። ዋናም አይማሩም፤ መዋኘት ሞትን ማስረዘም ነው ይላሉ። የዴልማሪ ታላቅ ወንድም ሴድሪክ አንድ ፀጥ ያለ ቀን ሙቀቱ ሲብስበት ጫማውን አውልቆ እግሩን በጀልባው ጠርዝ ላይ አንጠለጠለ። በማግስቱ ሲወጣ የተመለሰችው ጀልባዋ ብቻ ነበረች። አባታቸው አባባ አብራም ከዚያ ወዲህ ባሕር አልወጡም። ከቤታቸው ደጃፍ ወንበራቸውን አውጥተው፣ ጀርባቸውን ለባሕሩ ፊታቸውን ለዳገቱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ዓመታት አለፉ፣ ወንበሩ አልዞረም።

ከወደቡ ማዶ፣ ከሽቦ አጥር ጀርባ፣ የሸራ ጀልባዎች ክለብ አለ። አጥሩ ሰውን በቀለሙ በሚለየው በድሮው ሕግ ዘመን እኛን ለማስቀረት የቆመ ነው። ሕጉ ተሻረ፤ አጥሩ አልተነሣም፣ እግራችንም ወደዚያ መሄድ አልለመደም። በዚያ በጋ አንድ ቀን ከዚያ አጥር ውስጥ ማርሊዝ የምትባል ሴት ወጥታ ወደ ዓሣ ጠረጴዛዎቹ መጣች። ፀሐይ ያከሰላት፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ካሊስታ የምትባል የሸራ ጀልባ ካፒቴን። በየዓመቱ ከወደቡ ፊት ለፊት ያለውን ደሴት ዞሮ የመመለስ ውድድር አለ፤ ከሠራተኞቿ አንዱ የጎን አጥንቱ ተሰብሮባታል። ስኑኳን እያስጠቀለለች፣ ግማሹን በቀልድ፣

«ከእናንተ መሃል ነፋስ የማይጥለው ሰው የለም?» አለች። «ደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲነሣ ጀልባዋ ትጋደማለች። ጠርዙ ላይ ተቀምጦ የሚያቃናልኝ ክብደት ነው የምፈልገው። ልምድ አልጠይቅም።»

«ማዳም፣ ዴልማሪን ይውሰዷት!» አለች ኖሪን። «እሷ ከተቀመጠችማ እናንተ መሄድ አያስፈልጋችሁም፣ ደሴቱ ራሱ ወደዚህ ይመጣል።»

ጠረጴዛው ሁሉ በሳቅ ተናወጠ። ዴልማሪ ቢላዋዋን በሽርጧ ጠረገች።

«ውድድሩ መቼ ነው?» አለች።

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ማርሊዝ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ። ከዚያ በፊት ሁለት ልምምድ እዚሁ ከግንቡ ውስጥ እናደርጋለን። ከሁለተኛው በኋላ አይሆንም ካልኩሽ አይሆንም ነው፣ ቅር እንዳይልሽ። ከተማ ውስጥ አንድ ተማሪ ተጠባባቂ አለኝ።»

«በውድድሩስ ከግንቡ ወዲያ እንወጣለን?»

«ደሴቱ እኮ ከግንቡ ወዲያ ነው።»

«እመጣለሁ» አለች ዴልማሪ።

ማርሊዝ ከሄደች በኋላ ኖሪን ክንዷን ያዘቻት። «አንቺ ሴትዮ፣ ቀልዴን እኮ ነው! የሚፈልጉሽ እንደ አሸዋ ጆንያ ነው፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ጆንያው እሄዳለሁ እያለ ነው፣ አንቺም ስሚ።»

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። ቤት ስትደርስ አባባ አብራም ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

«እነዚያን ሰዎች አይቻቸዋለሁ» አሏት ሳይዞሩ። «እንደ ዶሮ አጥር ላይ ተደርድረው፣ እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ነው የሚሄዱት። የማንም ሕግ የላቸውም።»

«እኔ እግሬን ሰብስቤ እቀመጣለሁ፣ አባባ።»

«እምቢ ብልሽስ?»

«እምቢ ብለውኛል እንዴ?»

አባትየው ዝም አሉ። እሷም ዝምታውን ፈቃድ አድርጋ ወሰደችው፤ እንዳልሆነ ግን ታውቅ ነበር።

የመጀመሪያው ልምምድ ውርደት ነበር። ራይናርት የሚባል ገመድ ሳቢ የት እንደምትቀመጥ አሳያት። በነፋሱ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ሁሉም ተደርድረው እግራቸውን ወደ ውሃው አንጠለጠሉ። ዴልማሪ እንደ አባቶቿ ፊቷን ወደ ጀልባው መሃል አዙራ፣ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች።

«እግር ወደ ውጭ!» አለች ማርሊዝ ከመሪው ዘንግ።

«እግሬ ያለበት ደህና ነው።»

«ጀርባሽን ለማዕበሉ ሰጥተሽ ምን ልታዪ ነው? ክብደትሽም ግማሹ ባከነ!»

«ያየሁት ይበቃኛል።»

ከዚያ ማርሊዝ «ዞርን!» ብላ ጮኸች። ይህ ሲባል ሰዎቹ እግራቸውን ሰብስበው፣ ከሸራው በታች ባለው አግዳሚ ሥር ጎንበስ ብለው፣ ወደ ሌላው ጠርዝ ይሻገራሉ። ዴልማሪ ጉልበቷ ደንዝዞ ነበርና ስትነሣ አግዳሚው ሻሿን ይዞት ሄደ፤ እሷም ባለችበት ተመልሳ ዘጭ አለች። ጀልባዋ ወደ እሷ ተጋደመች፤ ውሃው እስከ ወገቧ መጣ። ራይናርት ጃኬቷን ይዞ እየጎተተ ሳቀ።

«ምንድነው እንዲህ የሚያስፈራት?»

«የፈራ አለ?» ብላ ጮኸችበት። «የምትስቅበት ጥርስህ ሳለ ገመድህን ሳብ!»

ቤቷ ስትገባ እስከ አጥንቷ ረጥባ ነበር። ኖሪን ትኩስ ቀይ ሻይ ይዛ መጣችና ነገሩን ጠየቀቻት። ዴልማሪ ግን አልጋዋ ሥር ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ትፈልግ ነበር። የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ በሠራችበት ጊዜ የተሰጧትን ነጭ የጎማ ቦቶች አወጣች። ከውስጣቸው በቀይ ቀለም ስሟ ተጽፏል።

«መላ አገኘሁለት» አለች። «ባሕሩ የሚያየው ውስጥ እግሬን ነው አይደል? ይህን ሲያይ ይዋል።»

«ባሕሩን ልታሞኚው?»

«ሕግ ነው እንጂ፣ ምን ማሞኘት አለው? እግርሽን አታሳዪ ነው የሚለው፤ ቦትሽን አታሳዪ አይልም።»

በሁለተኛው ልምምድ ቀን ማርሊዝ ቦቶቹን ስታይ ራሷን ያዘች። ሰው ሁሉ ለስላሳ ጫማ አድርጓል፤ ባዶ እግሩን ያለም አለ።

«ውሃ ውስጥ ብትወድቂ እነዚህን ይዘሽ እንዴት ልትንሳፈፊ ነው?»

«ሰፊ ናቸው፣ ይወልቃሉ። እግሬን ወደ ውጭ አውጪ አላልሽም? ላወጣልሽ ነው።»

እውነትም አወጣች። ከጠርዙ ሽቦ ሥር ሁለቱንም እግሮቿን ዘርግታ፣ በሆዷ ሽቦውን ተደግፋ፣ ወደ ውጭ ተንጠለጠለች። ካሊስታ ቀና ስትል ሁሉም በመቀመጫቸው ተሰማቸው። ጀልባዋ የማዕበሉን ጫፍ እየቀደደች ሄደች፤ ማርሊዝ ከኋላ «ይኸውልሽ! ይኸው!» ስትል ተሰማ። ሲዞሩም ዴልማሪ እንደ በርሜል ተንከባላ ቢሆንም ከሰው እኩል ተሻገረች። ሁለተኛውን ዙር፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ አንድ ማዕበል መጣና ግራ ቦቷን ሞላው። እግሯን ልትሰበስብ ስትል ቦቱ ሸርተት ብሎ ወጣ፤ ነጩ ነገር አንድ ጊዜ ብቅ አለ፣ ከጀርባቸውም ቀረ። ዴልማሪ ባዶውን እግሯን ከሽርጥ ሥር እንደሚደበቅ የተሰረቀ ዓሣ አድርጋ ከሥሯ ወሸቀችው። እስኪገቡም አላወጣችውም።

ወደቡ ላይ ማርሊዝ ጠበቀቻት።

«ቦታው ያንቺ ነው» አለቻት። «ግን ያለ ቦት። ቅዳሜ በቦት ከመጣሽ ተማሪውን አስቀምጣለሁ፣ አላስታምምሽም።»

ዴልማሪ ለመመለስ አፏን ስትከፍት ከዳገቱ በኩል ጩኸት ሰማች። የሴት ለቅሶ ነበር።

እኔም ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። አጎት ፍሪኪ የሚባሉት አጥማጅ ሲገቡ ቦቱን ተንሳፍፎ አግኝተውት፣ ስሙን አንብበው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ደጃፋቸው ላይ በተቀመጡት በአባባ አብራም ጭን ላይ አኑረውታል። ማንም ምንም አልጠየቀም። ጫማ ከባሕር መጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መንደሩ ያውቃል። ኖሪን መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ሴቶቹ ዙሪያውን ይዘዋል። በዚህ መሃል ዴልማሪ በአንድ ቦት፣ ሌላውን እግሯን ሾል ያለው ድንጋይ እንዳይወጋት እያነከሰች፣ ዳገቱን ወጥታ ከተፍ አለች።

ኖሪን ተነሣች፣ በጥፊ መታቻት፣ ከዚያ አቀፈቻት።

«ቦቴን ስጡኝ» አለች ዴልማሪ ከእቅፏ ውስጥ። «ቀብር የወጣችሁ ትመስላላችሁ።»

ጥቂቶች ሳቁ። አባባ አብራም ግን አልሳቁም። ቦቱን ከጭናቸው ላይ አላነሡትም።

«ባሕር ጫማውን የወሰደበት ሰው ለሞት ተቆጥሯል» አሉ። «ዓመት እስኪሞላው ውሃ ዳር አይወርድም። ይህን ከእናትሽ ጡት ጋር የጠባሽው ነው።»

«መለሰው እኮ፣ አባባ። ፈልጎት ቢሆን ኖሮ እዚህ ጭንዎ ላይ ምን ያደርጋል?»

«ይመልሳል» አሉ አባትየው። «ሴድሪክንም ኋላ መልሶልኛል፣ ሬሳውን።»

ሰው አንድ በአንድ ተበተነ። እኔም ቤቴ ገባሁ።

እስከ ቅዳሜ በነበሩት ቀናት መንደሩ ተራ በተራ መከራት። አጎት ፍሪኪ መጥተው እሷ በወጣች ቀን የእኛም ጀልባዎች አይወጡም አሏት። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ይጸልዩላት ዘንድ መጡ፤ አስገባቻቸው፣ ጸሎቱን ከፈለጋችሁ ለነፋሱ አድርጉት ብላ ሸኘቻቸው። በጠረጴዛው ላይ አንዷ፣ «እነዚያ የክለቡ ሰዎች እኮ ሰምተሽ የማታውቂውን ስም ይሰጡሻል፣ ባላስት ነው የሚሉሽ፣ ክብደት እንዲሆን የጀልባ ሆድ ውስጥ የሚጣል እርሳስ» ስትላት፣ ዴልማሪ የስኑኩን ራስ በአንድ ምት ቆርጣ፣ «እርሳስ ከግንቡ ወዲያ ወጥቶ ያውቃል። አንቺስ?» አለቻት። በቀን እንዲህ ነበረች። ኖሪን እንደምትለው ግን ከሥራ በኋላ የወደቡ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታወልቅና፣ እግሯን ወደ ውሃው ልትዘረጋ ትቃጣና፣ መልሳ ትሰበስበው ነበር። ደጋግማ ሞከረች። አንድም ቀን አልዘረጋችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣች። ደቡብ ምሥራቁ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ጃኬቷን ለበሰች፤ ሻሿን በድርብ ቋጠሮ አሠረች። ከዚያ ጫማዋን ፈለገች። የሥራ ጫማዋ የለም። ነጠላ ጫማዋ የለም። የቤተ ክርስቲያኑም፣ ተርፎ የነበረው ቦትም የለም። ወጥ ቤት ውስጥ አባባ አብራም ድሮ መረባቸውን ያስቀምጡበት በነበረው የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል።

«ጫማዎቼስ?»

«ከሥሬ ናቸው።»

«ቁልፉስ?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«የቤተ ክርስቲያኑም ጭምር?»

«ነገ ጠዋት እከፍትልሻለሁ። አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ።»

ዴልማሪ እኚህን ሽማግሌ ከሳጥኑ ላይ በአንድ እጇ ማንሣት ትችል ነበር። አላደረገችውም። ጎንበስ ብላ ሱሪዋን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠቀለለች።

«ጫማዬን ቆልፈዋል፣ አባባ» አለቻቸው። «እግሬን ግን አልቆለፉም።»

በሩን ከፍታ ወጣች።

ያን ጠዋት እኔ አጥሬ ጋ ቆሜ አየኋት። ዳገታችን ስብርባሪ የዛጎል ድንጋይ ነው፤ ውሻ እንኳ መርጦ ነው የሚረግጠው። ዴልማሪ መሃሉን ይዛ ወረደች። ሰው በየደጁ ወጥቷል። እግሯን ሲያዩ አንዳንዱ ዓይኑን መለሰ፤ በባዶ እግር ወደ ጀልባ መሄድ ከማይደረገው ሁሉ በላይ የማይደረግ ነገር ነው። እሷ ግን ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ሰላም የምትለውን ሰላም እያለች አለፈች። ከጠረጴዛዎቹ አጠገብ ኖሪን ሮጣ ደረሰችባትና የራሷን ነጠላ ጫማ አውልቃ ዘረጋችላት።

«ያዢ። በኋላ ትረግሚኛለሽ፣ አሁን ያዢ።»

ዴልማሪ ሞከረችው። ጣቶቿ እንኳ አልገቡም።

«ይህ ጫማ ሳይሆን የጣት ማሠሪያ ነው» አለች።

«እግርሽ ራሱ ጀልባ ሆኖ ነው እንጂ! ምን አስለፋሽ፣ በእግርሽ ሂጂበት!»

ሁለቱም ሳቁ። ኖሪን ስትስቅ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ዴልማሪ የሽቦውን አጥር በር ከፍታ ገባች።

ማርሊዝ ወደ ታች አይታ ጫማ እንደሌላት አየች፤ ደስ አላት፣ ምን እንዳየች ግን አላወቀችም። «ጎሽ» አለች ብቻ። «ከራይናርት ቀጥሎ ተቀመጪ።»

የውድድሩ መነሻ መድፍ ተተኮሰ። የሸራ ጀልባዎቹ እየተጋፉ ወደ ግንቡ አፍ ሄዱ። እስከዚያ ድረስ ዴልማሪ እግሯን አጥፋ ነበር። ግንቡን ሲያልፉ ነፋሱ እንደ ጡጫ መጣ፤ ካሊስታ በጎኗ ተኛች፤ ማርሊዝ «ጠርዝ! ጠርዝ!» አለች። ሁሉም ዘረጉ። ዴልማሪ አልዘረጋችም። ጀልባዋ ይበልጥ ተጋደመች፣ ሸራው ውሃ ሊነካ ደረሰ።

«ዴልማሪ!» አለ ራይናርት። በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «እባክሽ!»

መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥላ ግራውን አወጣች። ማዕበሉ ተነሥቶ ሁለቱንም ውስጥ እግሮቿን መታ፤ ቅዝቃዜው እንደ ቢላዋ ነበር። ራይናርት የተናገረችውን ሰምቷል። በኋላ ለኖሪን የነገራት እሱ ነው፤ ኖሪንም በዚህ ላይ ብዙ የጨመረች አይመስለኝም።

«እይ!» አለችው ባሕሩን፣ ጮክ ብላ። «እስኪበቃህ እይ! ይህ የአብራም ልጅ እግር ነው፤ የሴድሪክ እህት እግር ነው! መንገዴን ማወቅ ፈልገሃል? ደሴቱን ዞሬ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው። አሁን ዞር በልልኝ!»

ካሊስታ ቀና አለች።

አላሸነፉም። ከመጨረሻው ሁለተኛ ነው የወጡት፤ አንድ ጊዜ ገመድ ተቋጥሮባቸው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዴልማሪ ራሷ የተሳሳተውን ገመድ ለቅቃ። ማርሊዝ ሰደበቻት፣ እሷም መልሳ ሰደበቻት። ደሴቱን ዞረው ፊታቸውን ወደ የብስ ሲመልሱ ግን ዴልማሪ ስድቧን ትታ ቀና አለች። ገደሉ ላይ ቤቶቻችን ነበሩ። የዓሣ ቅርፊት አይመስሉም። ጥርስ ነው የሚመስሉት አለች፤ ገደሉን የነከሰና የማይለቅ ጥርስ። ሰማያዊውን በራቸውን ስትፈልግ ቆየች። አገኘችው። ከበሩ ፊት አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች።

ወደ ማታ ዳገቱን ወጣች። ግራ እግሯ ደምቷል። አባባ አብራም ደጃፋቸው ላይ፣ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ቆም አለች። ወትሮ ስትወጣ የምታየው ጀርባቸውን ነበር። አሁን ፊታቸውን አየች።

አባትየው የተጠቀለለውን ሱሪዋን፣ ጨው የነጣበትን ቁርጭምጭሚቷን፣ ከዚያም በታች ያለውን ረጅም ጊዜ አዩ።

«እግርሽን አሳየሽው?» አሏት።

ዴልማሪ አጠገባቸው መሬቱ ላይ ተቀመጠች። እግሯን ወደ ፊት፣ ወደ ባሕሩ ዘረጋች።

«የሳጥኑን ቁልፍ ይስጡኝ፣ አባባ» አለች። «በርዶኛል።»